ሸዋሮቢት ላይ ኤሲ ሳይኖር ማደር፦ ቤትን የማቀዝቀዝ የአሠራር መመሪያ

ሚያዝያ ሲገባ አንድ ጥያቄ ይደጋገምብኛል። «ሸዋሮቢት ተመድቤ ወረድኩ። ቤቱ ቆርቆሮ ነው። እንቅልፍ አጣሁ። ቬንትሌተር ልግዛ ወይስ ኤሲ?» ከአጣዬ፣ ከጀውሃና ከሰንበቴም ይጠይቁኛል። ከአረርቲ በታች ቆላው ላይ ያሉም አሉ።

መልሴ ሁሌም ይሄው ነው። በመጀመሪያ ሙቀቱ እንዳይገባ አድርጉ። ቀጥሎ የሌሊቱን ቅዝቃዜ ወደ ቤት አስገቡ። የኤሌክትሪክ ነገር ከዚያ በኋላ ይታያል። ቅደም ተከተሉን የጠበቀ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ኤሲ ሳያስፈልገው ይቀራል። ለቆጣሪው የሚሞላው ካርድም ቶሎ አያልቅበትም።

ከደጋ ለሚወርዱ አንድ ነገር ላስቀድም። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ሸዋሮቢት ግን 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በየ1,000 ሜትሩ ቁልቁለት አየሩ በአማካይ 6 ዲግሪ ያህል ይሞቃል። ጣርማ በርን አልፋችሁ፣ ደብረ ሲናን ወርዳችሁ ሸዋሮቢት ስትደርሱ ወደ 10 ዲግሪ የሚጠጋ ልዩነት ውስጥ ገብታችኋል ማለት ነው። ስለዚህ ደጋ ላይ የጠቀማችሁ ልማድ እዚህ ይጎዳችኋል። መስኮት ዘግቶ መተኛት፣ ቤት ውስጥ እሳት ማንደድና ወፍራም ፍራሽ ከነዚህ ዋናዎቹ ናቸው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

ሁሉንም በአንድ ቀን መግዛት የለባችሁም። ገንዘብ ካጠራችሁ ከላይ ጀምራችሁ ውረዱ።

- ለኮርኒስ፦ ንጹሕ ማዳበሪያ ጆንያ ወይም አቡጄዲ (አቅም ካለ ቺፑድ)፣ ሞራሌ፣ ትንንሽ ሚስማር
- ለመስኮትና ለአየር ማስወጫ፦ ወንፊት ሽቦ
- ለጥላ፦ ሰሌን ወይም ኬሻ፣ ጥቂት አጠና፣ ገመድ
- ለግድግዳ፦ ነጭ ቀለም ወይም ኖራ
- ለውሃ፦ አንድ እንስራ ከነክዳኑ፣ ሁለት የጥጥ ጨርቅ
- ለመኝታ፦ አጎበር፣ የጥጥ አንሶላ፣ ሰሌን
- ቬንትሌተር፣ ከ40 እስከ 60 ዋት የሚበላ
- አምፖሎቻችሁ የድሮዎቹ ቢጫ ከሆኑ በምትካቸው ኤልኢዲ

1. ሙቀቱ በየት እንደሚገባ ፈልጉ

ፀሐያማ ቀን ምረጡና ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ቤታችሁን ዙሩ። እጃችሁን ወደ ጣሪያው ዘርጉ። ከዚያ አራቱንም ግድግዳዎች በመዳፋችሁ ንኩ። ቀጥሎ መስኮቶቹን እዩና በየትኛው ፀሐይ በቀጥታ እንደሚገባ መዝግቡ።

ይህን ያስቀደምኩት ሰው ብሩን ያለቦታው እንዳያወጣ ነው። ብዙ ጊዜ አንደኛው ጥፋተኛ ጣሪያው ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ የምዕራቡ ግድግዳ። በኛ አካባቢ ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ መጨረሻ የቀትር ፀሐይ በአናታችን ላይ ወይም በትንሹ ወደ ሰሜን አጋድላ ታልፋለች። ስለዚህ ቀትር ላይ የሚመታው ጣሪያ ነው። ጠዋት የምሥራቁ ግድግዳ ይሞቃል፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ የምዕራቡ። የደቡቡ ግድግዳ በነዚህ ወራት ብዙም አያስቸግርም። ደቡብ ላይ መጋረጃ የሚደራርብ ሰው ድካሙ ከንቱ ነው።

2. ኮርኒስ ሥሩ

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትሠሩ ከሆነ ይህን ሥሩ።

ቆርቆሮ ፀሐይ ሲመታው እጅ የማያስነካ ይሆናል። ከዚያ ሙቀቱን ቁልቁል ይረጫል። ቬንትሌተር አየሩን ቢያንቀሳቅስም ከላይ የሚረጨውን ሙቀት አያስቀረውም። ጥላ ውስጥ ተቀምጣችሁ አናታችሁ የሚቃጠለው ለዚህ ነው። ኮርኒስ በመሐል ገብቶ ያንን ሙቀት ይጋርዳል፤ በሱና በቆርቆሮው መካከል ያለው አየርም ሙቀቱ ቶሎ እንዳይወርድ ይከላከላል።

ሀ. ከቆርቆሮው በታች ቢያንስ ሁለት ስንዝር ክፍተት ተዉ። ኮርኒሱ ቆርቆሮውን ከነካ ዋጋ የለውም፤ ሙቀቱ በቀጥታ ይተላለፋል።

ለ. ሞራሌውን ከግድግዳ ግድግዳ ዘርጉ። ጆንያ ወይም አቡጄዲ ከሆነ በሞራሌዎቹ መካከል ያለው ርቀት ከአንድ ክንድ አይብለጥ። ከሰፋ ጨርቁ ይረግባል፣ አቧራም ይጠራቀምበታል።

ሐ. ጆንያውን ተርትሩና አጥባችሁ አድርቁ። የማዳበሪያ ቅሪት ካለበት ሽታው ቤት ውስጥ ይቀራል። ከዚያ አንዱን ከሌላው ጋር ሰፍታችሁ ወጥራችሁ ምቱ። ወደ ቤት የሚያየው ገጽ ነጭ ቢሆን ብርሃን ይጨምራል፤ ቀን አምፖል ማብራት ይቀራል።

መ. ከኮርኒሱ በላይ ያለው አየር መውጫ ይኑረው። ከክፈፉ በታች ወይም በጣሪያው ሦስት ማዕዘን ላይ፣ በሁለት ተቃራኒ ጎኖች፣ ጡብ የሚያክል ቀዳዳ ክፈቱ። በወንፊት ሽቦ ሸፍኑት። ብዙ አናጢዎች ይህን አይሠሩም፤ «ዝናብ ያስገባል» ይላሉ። ክፈፉ በቂ ርዝመት ካለው አያስገባም። መውጫ ከሌለ ግን ሙቁ አየር እዚያው ታፍኖ ይከማችና ሌሊቱን ሙሉ ወደ ታች ይወርዳል። ወንፊቱን አትርሱ። ያለሱ የሌሊት ወፍና አይጥ ቤት ይሠሩበታል።

ሠ. የመብራት ሽቦ በኮርኒሱ ላይ የሚያልፍ ከሆነ በፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ ይለፍ። ባለሙያ ይሥራው።

ከኮርኒሱ በላይ ጭድ ወይም ሳር ልጎዝጉዝ የሚሉ አሉ። ሙቀት ይከላከላል፤ ይህ እውነት ነው። ግን ደረቅ ጭድ ከመብራት ሽቦ ጋር አንድ ጣሪያ ሥር መሆን የለበትም። አይጥም ይጠራል። ተዉት።

ቆርቆሮውን በውጭ በኩል ነጭ የጣሪያ ቀለም መቀባትም በጣም ይረዳል። ነጭ ቀለም አብዛኛውን ጨረር መልሶ ይልካል። የዛገ ቆርቆሮ ደግሞ በተቃራኒው ጨረሩን ውጦ ያስቀረዋል። ለጣሪያ ኖራ አትጠቀሙ፤ ቆርቆሮ ላይ አይዝም፣ የሐምሌ ዝናብም ያጥበዋል። ኖራ ለግድግዳ ነው። የዝናብ ውሃ ከጣሪያ የምታጠራቅሙ ከሆነ ቀለሙ ለዚያ የሚሆን መሆኑን ሻጩን ጠይቁ።

የኪራይ ቤት ከሆነ አከራዩን አስቀድማችሁ አነጋግሩ። የጆንያ ኮርኒስ ወጪው ትንሽ ስለሆነ ብዙዎቹ እሺ ይላሉ። አንዳንዶቹም ከኪራዩ ላይ ያስባሉ።

3. ፀሐይዋን ከውጭ አስቁሟት

መጋረጃ ውስጥ መስቀል የተለመደ ነው። ነገር ግን ጨረሩ መስታወቱን አልፎ መጋረጃው ጋ ሲደርስ ሙቀቱ ቤት ገብቷል። ስለዚህ ጥላው ከውጭ ይሁን።

በምዕራብና በምሥራቅ መስኮቶች ላይ ሰሌን ወይም ኬሻ በውጭ በኩል ስቀሉ። ከመስኮቱ አንድ ስንዝር ይራቅ፤ በመሐል አየር ይለፍ። ገመድ አድርጉለትና ፀሐይ ስትዞር ጠቅልሉት።

ለምዕራቡ ግድግዳ ዳስ ጣሉለት። አራት አጠና ትከሉ፤ ከላይ ሰሌን ወይም የማሽላ አገዳ ዘርጉ። ቅል ወይም ዱባ ብታሳድጉበት ደግሞ በአንድ ክረምት ይሸፍነዋል። ቦታ ካላችሁ ዛፍ ትከሉ። ፓፓያ ቶሎ ይደርሳል። ኒምና ሽፈራው ሙቀትና የውሃ እጥረት ይችላሉ። ማንጎ ዘግይቶ ቢደርስም ጥላው ድፍን ነው። ማንጎን ግን ከግድግዳው ራቅ አድርጉት፤ ሲያድግ ይሰፋል።

በደጃችሁ ላይ ያለው ሲሚንቶም ይታሰብ። የተለሰነ ግቢ ቀን የዋጠውን ሙቀት ማታ ወደ በሩ ይመልሳል። ጥላ ወይም ሣር ይኑርበት።

4. በርና መስኮት በሰዓት ይከፈት፣ በሰዓት ይዘጋ

ይህ ምንም ወጪ የለውም። ግን ሰው እምቢ የሚለኝ እዚህ ላይ ነው።

ኮርኒስና ጥላ ያለው ቤት እንዲህ ይያዝ፦

- ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት፦ ፀሐይ ያለበት ጎን ይዘጋ፣ ጥላው ይውረድ። በር ክፍት ሆኖ አይዋል።
- ከምሽቱ 1 ሰዓት ጀምሮ፦ ሁሉም ይከፈት። በተለይ ትይዩ የሆኑት ሁለቱ።
- ሌሊቱን ሙሉ፦ ወንፊት ያለው መስኮት ክፍት ይደር።
- ከጠዋቱ 12 እስከ 3 ሰዓት፦ በሩም ይከፈት። የቀኑ ቀዝቃዛ አየር ይሄ ነው።

የብሎኬትና የጭቃ ግድግዳ ቀን የተቀበለውን ሙቀት ይዞ ያመሻል። ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ውጭው ነፍሶበት ቤቱ ግን የሚያፍነው ለዚህ ነው። ሌሊት ነፋስ ካለፈበት ግድግዳው ሙቀቱን ይለቃል፤ በማግስቱም እስከ ቀትር ቀዝቃዛ ሆኖ ይውላል። ሌሊት ከዘጋችሁት ግን የትናንቱ ሙቀት ላይ የዛሬው ይጨመራል። በሦስተኛው ቀን ቤቱ አይቻልም።

መቼ እንደሚከፈት ካጠራጠራችሁ ደጃፉ ላይ ቁሙ። ከውጭ የሚመጣው አየር ፊታችሁን ካቀዘቀዘ ክፈቱ። ከሞቃችሁ ዝጉ።

ኮርኒስ ለሌለው ቆርቆሮ ቤት ግን ሕጉ ይገለበጣል። ቀን ከዘጋችሁት ውስጡ ከውጭው በልጦ ይሞቃል። እንዲህ ያለውን ቤት ኮርኒሱ እስኪሠራ ድረስ ቀኑን ሙሉ ከፍታችሁ አውሉት። ልጆችንም ቀትር ላይ ከቤት አውጥታችሁ ዛፍ ሥር አውሏቸው።

«ነፋስ ይመታኛል» የሚለውን አውቃለሁ። ደጋ ላይ ላደገ ሰው ስጋቱ ቀላል አይደለም። ላብ ያጠመቀው ሰው ነፋስ ፊት ሲቀመጥ ይበርደዋል፤ ይህ ደስ አይልም። መፍትሔው ላቡን ማድረቅ፣ ልብስ መቀየርና ነጠላ ጣል ማድረግ ነው። መስኮቱ ክፍት ይቆይ። ከሁሉም በላይ ለሕፃንና ለአዛውንት የሚያሰጋው የታፈነ ሙቅ ክፍል ነው።

5. ቤት ውስጥ ሙቀት አታምርቱ

ቤት ውስጥ የሚበላው ኤሌክትሪክ ሁሉ መጨረሻው ሙቀት ነው። ስለዚህ ኃይል መቆጠብና ቤት ማቀዝቀዝ እዚህ ላይ አንድ ሥራ ይሆናሉ።

ትልቁ ምጣድ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ይበላል። አንድ ሰዓት ስትጋግሩበት 3.5 ኪሎዋት ሰዓት ይሄዳል። 50 ዋት የሚበላ ቬንትሌተር ደግሞ በሌሊት 10 ሰዓት ቢሠራ ግማሽ ኪሎዋት ሰዓት ነው። የአንድ ሰዓት ጋገራ ለሰባት ሌሊት ቬንትሌተር ይበቃል ማለት ነው። የታሪፉ አሠራርም ብዙ ሲበላ የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ ከፍ እንዲል ነው።

ስለዚህ፦

- ምጣዱ ከመኝታ ቤት ይውጣ። በረንዳ ላይ ወይም በተለየ ማድቤት ይቀመጥ። ዝናብ አያግኘው፤ ሶኬቱም ለምጣድ የሚሆን ወፍራም ሽቦ ይኑረው።
- ከንጋቱ 11 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 1 ሰዓት ባለው ጊዜ ጋግሩ።
- በየቀኑ ከመጋገር የጥቂት ቀኑን በአንድ ጊዜ ጋግሩ። ምጣዱን ከባዶ ማጋል ብዙ ኃይል ይጨርሳል። ነገር ግን ቆላ ላይ እንጀራ ቶሎ ይሻግታል፤ ከሦስት ቀን በላይ የሚቆይ አታድርጉት። በሳምንት ሁለት ጊዜ ይበቃል።
- የመጨረሻዋ እንጀራ ከመጋገሯ በፊት ምጣዱን አጥፉት። ያለው ግለት ያበስላታል።
- ባቄላውን፣ ሽምብራውንና ማሾውን ማታ ዘፍዝፉ። ቶሎ ይበስላል። ድስት ይከደን።
- በእንጨት የምትጋግሩ ከሆነ «ምርት» የሚባለው ዙሪያው የተዘጋ ምድጃ እንጨት ይቆጥባል፤ ወደ ጋጋሪዋ የሚወረወረውን ሙቀትም ይቀንሳል።

ቡና ከቤት ውጭ ከዛፍ ሥር ይፈላ። እዚህ ብዙ ቤት የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

ባለ60 ዋት ቢጫ አምፖል የሚበላው ኃይል በአብዛኛው ሙቀት ይሆናል። 9 ዋት ኤልኢዲ ያንኑ ያህል ብርሃን ይሰጣል። ቴሌቪዥንና ዲኮደር ስትተኙ ከሶኬት ይነቀሉ።

ፍሪጅ ከኋላው ሙቀት ይለቃል። ከግድግዳ አንድ ስንዝር አርቁት፤ ፀሐይ የሚያገኘው ቦታ አታስቀምጡት። ትኩስ ወጥ አታስገቡበት። ጎማውን ፈትሹ፦ በሩ ላይ ወረቀት አስገብታችሁ ዝጉ፤ ወረቀቱ በቀላሉ ከወጣ ጎማው ላልቷል። ፍሪጅን ከፍቶ ፊቱ መቆም ቤት አያቀዝቅዝም። ከኋላው የሚወጣው ሙቀት ከፊቱ ከሚወጣው ቅዝቃዜ ይበልጣል።

6. እንስራና እርጥብ ጨርቅ

ውሃ ወደ እንፋሎት ሲለወጥ ሙቀት ይዞ ይሄዳል። እንስራ የሚያልበው ለዚህ ነው፤ ላቡ ሲተን ውስጡ ያለው ውሃ ይቀዘቅዛል። አየሩ ደረቅ በሆነ ቁጥር የበለጠ ይሠራል። ግንቦትና ሰኔ ለዚህ ምቹ ናቸው።

እንስራውን ጥላና ነፋስ ባለበት፣ ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ አስቀምጡ። ውጫዊ ገጹን ዘይት ቀለም አትቀቡ፤ ቀዳዳዎቹ ይደፈናሉ። በየጊዜው ውጩን በሻካራ ጨርቅ ፈግፍጉ። ውሃው የታከመ ወይም ፈልቶ የቀዘቀዘ ይሁን። ክዳንና መቅጃ ይኑረው፤ እጅ አይግባበት። ፍሪጅ ከሌላችሁ ቲማቲሙንና ቃሪያውን በትንሽ ማሰሮ አድርጋችሁ በትልቅ ማሰሮ ውስጥ ክተቱ። በመካከላቸው አሸዋ ሙሉ፣ አሸዋውን አርጥቡ፣ በእርጥብ ጨርቅ ክደኑ። አትክልት ሳይጠወልግ ይቆያል። ሥጋና ወተት ግን በዚህ አይቆይም።

ማታ ነፋስ በሚመጣበት መስኮት ላይ በደንብ የተጨመቀ እርጥብ የጥጥ ጨርቅ ስቀሉ። የሚገባው አየር ይቀዘቅዛል። ሌላው መስኮት ክፍት መሆን አለበት፤ አለበለዚያ እርጥበቱ ቤት ውስጥ ይጠራቀማል።

ሐምሌና ነሐሴ ላይ ይህን ተዉት። አየሩ ራሱ እርጥብ ስለሆነ ጨርቁ አይደርቅም። ቤቱ ይታመቃል፣ ግድግዳው ይሻግታል። መለያው ቀላል ነው፦ የታጠበ ልብስ ቀኑን ሙሉ ተሰጥቶ ካልደረቀ እርጥብ ጨርቅ አይጠቅማችሁም።

7. ቬንትሌተሩን በቦታው አስቀምጡ

ቬንትሌተር አየር አያቀዝቅዝም። ላባችሁ ቶሎ እንዲተን ያደርጋል፣ እናንተ ትቀዘቅዛላችሁ። ሰው የሌለበት ክፍል ውስጥ ማሽከርከሩ ኪሳራ ነው። ስትወጡ አጥፉት።

አመሻሹ ላይ፣ ውጭው ሲነፍስበት፣ ቬንትሌተሩን በአንዱ መስኮት ፊቱን ወደ ውጭ አዙራችሁ ለአንድ ሰዓት ያህል አብሩት። ተቃራኒውን መስኮት ክፈቱ። ሙቁን አየር እያስወጣ ቀዝቃዛውን በሌላው በኩል ይስባል። ስትተኙ ወደ አልጋው አዙሩት፤ በዝቅተኛው ፍጥነት ይበቃል።

ክፍሉ ከሰውነት ሙቀት፣ ማለትም ከ37 ዲግሪ ገደማ፣ ካለፈ ቬንትሌተር ብቻውን ሙቅ አየር ነው የሚነፋባችሁ። ያን ጊዜ ክንዳችሁን፣ አንገታችሁንና እግራችሁን በውሃ አርጥቡ።

ይህን ሁሉ አድርጋችሁ አሁንም ኤሲ የግድ ከሆነ፣ ለምሳሌ ቤት ውስጥ ሙቀት የሚጎዳው ሕመምተኛ ካለ፣ ለአንድ ትንሽ ክፍል ብቻ አስገቡ። ኮርኒስ ይቅደም። 26 ዲግሪ ላይ አድርጉት፤ ማጣሪያውን በየጊዜው እጠቡ። 1,200 ዋት የሚበላ ኤሲ ሳያቋርጥ ከሠራ የሃያ አራት ባለ50 ዋት ቬንትሌተር ያህል ይበላል።

8. መኝታውን ቀይሩ

ስፖንጅ ፍራሽ ሙቀት ይዞ ወደ ጀርባ ይመልሳል። ፕላስቲኩ ካልተነሳለት ደግሞ የባሰ ነው። ፕላስቲኩን ገፍፋችሁ ጣሉ። ላዩ ላይ ሰሌን፣ ከሰሌኑ በላይ ቀጭን የጥጥ አንሶላ አንጥፉ። የጠፍር አልጋ ካገኛችሁ ግን ከሁሉም ይበልጣል። ከሥሩ አየር ያልፋል።

ከመተኛታችሁ በፊት እግራችሁን በቀዝቃዛ ውሃ ታጠቡ። ኮርኒስ በሌለው ቤት አልጋውን ወደ በረንዳ ማውጣት የአካባቢው ልማድ ነው፤ ጥሩ ልማድ ነው። ግን አጎበሩ አብሮ ይውጣ፤ ጫፉ ፍራሹ ሥር ይገባ። ሸዋሮቢትና አካባቢው ወባ አለበት። መሬት ላይ አትተኙ፤ ጊንጥና እባብ በሙቀት ጊዜ ሌሊት ይንቀሳቀሳሉ። ጫማችሁን ጠዋት አራግፋችሁ ተጫሙ።

ማስጠንቀቂያዎች

*ከሰል።* በተዘጋ ክፍል ከሰል አታንድዱ። ሽታ የሌለው ጋዝ ሰው ይገድላል።

*የቆመ ውሃ።* በርሜል፣ ጀሪካንና እንስራ ይከደኑ። የወባም ሆነ የሌላ በሽታ ትንኝ የምትራባው ውሃ ውስጥ ነው።

*ሕፃናት።* ስድስት ወር ያልሞላው ሕፃን በሙቀት ጊዜ የሚጨመርለት የእናት ጡት ነው፤ ውሃ አይሰጠው። ሕፃንን በሙቀት በጋቢ መጠቅለል አደገኛ ነው። የቆመ መኪና ውስጥ ልጅ ለደቂቃም አይቀመጥ።

*ማሳ ላይ የሚውሉ።* ሽንኩርትና ማሾ የምትሰበስቡ ከንጋቱ 12 እስከ 4 ሰዓት ሥሩ፤ ከ10 ሰዓት በኋላ ተመለሱ። ሳይጠማችሁ ጠጡ። በጾም ወቅት ውሃ የማትቀምሱ ከሆነ ከባዱን ሥራ ወደ ንጋት አምጡ፣ ማታ አብዝታችሁ ጠጡ። አረቄና ቢራ የውሃ ምትክ አይሆኑም። ላብ በዝቶ ሰው ከደከመ ኦአርኤስ በጥብጡለት። ኦአርኤስ ከሌለ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ውስጥ ስድስት ያልተቆለለ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጡ። ጨው አታብዙ።

*ሙቀት የመታው ሰው።* ሰውነቱ እንደ ምድጃ ከጋለ፣ ንግግሩ ከተምታታ፣ ሲራመድ ከተንገዳገደ ወይም ራሱን ከሳተ ጊዜ አታጥፉ። ጥላ ውስጥ አስገቡት፣ ልብሱን አላሉ፣ ሰውነቱን በውሃ አርሱ፣ አራግቡለት። ራሱን ለሳተ ሰው በአፉ ምንም አትስጡ። እየቀዘቀዘ ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ። ማቀዝቀዙ መኪና እስኪመጣ አይጠብቅ።

የተለመዱ ስህተቶች

*በመጀመሪያ ኤሲ መግዛት።* ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ያለ ኤሲ አያርፍም። ጣሪያው ያለማቋረጥ ያሞቅበታል።

*ቀትር ላይ ወለሉን በውሃ ማጥለቅለቅ።* ቤቱ ከተዘጋ እርጥበቱ ይታፈንና ላብ አይደርቅላችሁም። መርጨት ከፈለጋችሁ ማታ፣ ደጃፉ ላይ፣ በጥቂቱ።

*ኮርኒሱን ሠርቶ አየር ማስወጫውን መርሳት።* ሥራው ካለቀም በኋላ መክፈት ይቻላል። የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

*ቬንትሌተር፣ ምጣድና ፍሪጅን በአንድ ኤክስቴንሽን መሰካት።* ሽቦው ይግላል፣ እሳት ያስነሳል። ምጣድ ለብቻው ይሰካ።

*ሙቀቱ ከመጣ በኋላ መጀመር።* ግንቦት ላይ አናጢ አይገኝም፤ ቢገኝም ቀትር ላይ ቆርቆሮ ሥር መሥራት አይችልም። ኮርኒሱንና ቀለሙን ጥርና የካቲት ላይ ጨርሱ። ቅልና ዱባውን ውሃ ካላችሁ የካቲት ላይ ዝሩ፤ ግንቦት ሲገባ ዳሱን ይይዛል። የዛፍ ችግኝ ግን ሐምሌን ይጠብቅ።